ሦስተኛ ፎቅ ላይ የዋለ መስቀል

አዲስ የተቀባ ቤት ስገባ፣ የቀለሙ ሽታ ገና አፍንጫዬን ሲመታኝ፣ አየር ጤና ሰፈር ያለው የገበያ ፎቅ የተመረቀበት የገና ሰሞን ይመጣብኛል። እናቴ አስፋልት ዳር የነበራትን የልጆች ልብስ ሱቅ ለቅቃ፣ ያላትን ሁሉ አሟጥጣ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሱቅ ገዝታ ነበር። ሰፈርተኛው ልጆቹን ይዞ በሊፍቱ ሲወጣና ሲወርድ ይውል ነበር፤ እኛም ገበያ መስሎን ደስ ይለን ነበር። ወይ ሞኝነት! ለካ ሰው የመጣው ለሊፍቱ ኖሯል።

በጋው ሳያልቅ ሊፍቱ ተበላሸ፣ የሚያሠራውም ጠፋ። የእኛ ሰፈር ሰው ደግሞ ታች ያገኘውን ገዝቶ ታክሲው ውስጥ ይገባል እንጂ ለአንድ ካናቴራ ብሎ ያን ሁሉ ደረጃ አይወጣም። ጎረቤቶቻችን አንድ በአንድ ሲዘጉ፣ እናቴ ጠዋት ጠዋት የኮሪደሩን መብራት ራሷ አብርታ፣ አቧራ የጠጡትን ልብሶች አራግፋ፣ በር በሩን እያየች ትቀመጥ ነበር። ሰዉ «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» ይላት ጀመር፤ እኔን እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ክረምቱም እንዲሁ አልፎ መስከረም ጠባ። እኛ ጉራጌዎች ነን፤ መስቀልን ከአገር ቤት ውጪ ውለን አናውቅም ነበር፣ አያቴም ልጃቸው ሳትደርስ ክትፎውን አይቀምሱም ነበር። በዚያ ዓመት ግን እናቴ «ምን ይዤ ልሂድ?» ብላ አፈረች፣ ለበዓሉም ገዢ ይወጣ ይሆናል ብላ ተስፋ አደረገች። አያቴ ደወሉ።

«አሞኛል ልጄ፤ ምንም አልፈልግም፣ ብቻ ነይ» አሏት።

«አይዞዎት አባባ፣ ለከርሞ በደንብ አድርጌ እመጣለሁ» አለቻቸው።

መስቀልን ባዶው ፎቅ ላይ ዋልን። አንድ ሰው ወጣ፤ እናቴ ብድግ አለች፤ ሽንት ቤት ፈልጎ ነበር።

በጥቅምት አያቴ ዐረፉ። ለቅሶው ላይ እናቴ መሬት ላይ እየተንከባለለች «ለከርሞ ስል ምላሴን በቆረጠው!» እያለች ፊቷን ስትነጭ፣ ሴቶቹ እጇን መያዝ አቅቷቸው ነበር።

ዛሬ የፎቁ የላይኛው ክፍል መጋዘን ሆኗል። እናቴ ፌርማታው አጠገብ ላስቲክ ወጥራ ትሸጣለች፣ ገበያዋም ደህና ነው። መስከረም ሲገባ ግን ጠቅልላ ትዘጋለች።

«እማዬ፣ ገበያው እኮ አሁን ነው!» ስላት «ይቅር» ትለኝና ከሁሉም ቀድማ አገር ቤት ትገባለች። አሁን እዚያ የሚጠብቃት የለም፤ ያኔ ነበረ።