ነገ ቀበሮ ይመጣል

ስማቸው የሚባለውን ልጅ የመካነ ሰላም ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ግቢው ውስጥ ዶሮ ያረባል፤ ፌስቡክ ላይ ደግሞ ጠብ። «የቦረና ልጆች» በሚለው የወረዳችን ልጆች ቡድን ውስጥ «ሰላም» ያለውን ሁሉ ይሞግታል፤ እህቱ ትንሳኤ ለሥራ ሪያድ ከሄደች ወዲህማ ብሶበት ነበር።

ያኔ ስልኮቻችን የአማርኛ ፊደል ስላልነበራቸው አማርኛችንን በእንግሊዝኛ ፊደል ነበር የምንጽፈው። አንድ ቀን የቡድናችን ቀልደኛ ሁዜይፋ ከዚያው ከሪያድ እንዲህ ብሎ ጻፈለት፦ «Nege enante bet kebero yimetal!»

«ነገ እኛ ቤት ቀበሮ ይመጣል?» ብሎ ስማቸው ጦፈ። «አንተ ሪያድ ተቀምጠህ የቦረናን ቀበሮ በምን አወቅኸው?»

«ወላሂ ስልህ!» አለ ሁዜይፋ።

ቡድኑ በሳቅ ተንጫጫ። አንዱ «ቀበሮው የዶሮዎችህን ፎቶ ስትለጥፍ አይቶ ነው» አለ፤ ሌላው «በአውሮፕላን ነው እንዴ የሚመጣው?» አለ። ስማቸው ግን ቀበሮ ከዚህ በፊት ዶሮ በልቶበታልና አልሳቀም።

በማግስቱ ዶሮዎቹን ቆልፎባቸው፣ ዱላ ይዞ ደጅ ዋለ። ወደ ማምሻው ላይ አጥሩ ጋ ኮሽታ ሲሰማ ዱላውን አንስቶ ዘለለ። ትንሳኤ! ሻንጣዋን ይዛ የቆመችው ትንሳኤ ናት!

«ምነው ስሜ፣ በዱላ ነው የምትቀበለኝ? ሁዜይፋ ከበሮ ይመታል ብሎ አልጻፈልህም?»

ዱላውን ወርውሮ አቀፋት። ጎረቤቱ በእልልታ ግቢውን ሞላው፤ ከበሮውም እውነትም ተመታ። እኛ ደግሞ ፌስቡክ ላይ ስድቡን ስንጠብቅ ስማቸው ጻፈ፦

«ሁዜይፋ፣ ቀበሮዋ መጣች። ትልቁን አውራ ዶሮ እኔው አርጄላታለሁ።»