ከአዴ ጫልቱ ማሳ የበሉ ወፎች

እግዚአብሔር ወፎችን ይመግባል፤ ይህን አምናለሁ። ግን ከማን ማሳ ነው የሚመግባቸው? ይህን የተጠየቅሁት ባለፈው ጥቅምት፣ ባቱ አጠገብ፣ ማሽላ መካከል በቆመ ማማ ላይ ነው።

ሐሙስ፣ ከአዳማ

የወጣሁት ሻሸመኔ ለሚደረግ የእህቶች ጉባኤ ነው። በሰፈራችን ቤተ ክርስቲያን ሕፃናትን አስተምራለሁ። ጠዋት ጠዋት ጓሮዬ ማሽላ እበትንና የሚያርፉትን ወፎች እያየሁ በደብተር እጽፋለሁ፤ ትምህርቴ ከዚያ ይወጣል። ፊደል የቆጠርኩት በሃያ ስምንት ዓመቴ፣ በማታ ትምህርት ስለሆነ ያላጣራሁትን መጻፍ እፈራለሁ። የወፏ ምንቃር ቀለም ካልታየኝ “አልታየኝም” ብዬ ነው የምጽፈው። የሻሸመኔ እህቶች ይህን ሰምተው “ደብተሩን ይዘሽ ነይ” አሉኝ።

ማሽላውን በየዓመቱ የምትልክልኝ የአክስቴ ልጅ አዴ ጫልቱ ናት፤ ታላቄ ስለሆነች “አዴ” እላታለሁ። ባቱ አጠገብ ታርሳለች። “ለገንፎሽ” ብላ ነው የምትልከው። ለወፍ እንደምበትነው ነግሬያት አላውቅም።

በአሥራ ሁለት ሰዓት ከመናኸሪያ በቅጥቅጥ ተነሣን። ሞጆ ላይ ኮንቴነር የጫኑ ተሳቢዎች መንገዱን ዘግተው አንድ ሰዓት ያህል አቆሙን። “ወፍ ብንሆን ደርሰን ነበር!” አለ ረዳቱ በበሩ ተንጠልጥሎ። መቂ ላይ በመስኮት ፓፓያ ገዛሁ፤ ሁለቱን በመቶ ብር።

ባቱ የደረስኩት አራት ሰዓት ገደማ ነው። ሐይቁ ዳር የተጠበሰ ቆሮሶ ዓሣ በአዋዜ በላሁ። አባ ኮዳ የሚባሉት መላጣ ትልልቅ ወፎች አንገታቸውን ቀብረው የዓሣ ጭንቅላት ይጠብቃሉ።

“እነዚህ አስቀያሚዎች አያስቸግሩህም?” አልኩት ዓሣ የሚቆርጠውን ሰውዬ።

“ኧረ ተያቸው፣ እነሱ ባይኖሩ ሽታው ያባርረን ነበር። ደሞዝ የማይጠይቅ የጽዳት ሠራተኛ ከየት ታገኛለሽ?”

አፈርኩ። በደብተሬም “በመልኩ የናቅሁት አገልጋይ” ብዬ ጻፍኩ።

አርብ፣ ማማው ላይ

ያደርኩት አዴ ጫልቱ ቤት ነው፤ እሷ ገና ሳይነጋ ወንጭፏን ይዛ ማሳው ውስጥ ያለው ማማ ላይ ወጥታለች።

“ነይ ውጪ! ወፍ ትወጂ የለ? ግሪሳ መጥቶልሻል!”

ግሪሳ ድንቢጥ የምታህል ወፍ ናት። አንዷ ብቻዋን ምንም አታደርግም፤ እንደ ደመና ሲመጡ ግን የደረሰ ማሽላ በአንድ ቀን ያራግፋሉ። ጄሪካንና ዱላ ተሰጠኝ። በአዳማ የምጋብዛቸውን በባቱ ሳባርር ዋልኩ። እኩለ ቀን ላይ ድምፄ ተዘጋ፤ በወንዙ በኩል ያለው የማሳው ጠርዝ ግን ባዶ አገዳ ሆኖ ቀርቷል። አዴ ጫልቱ ወደዚያ አየችና፣

“ነገ የምታስተምሪው ምንድን ነው?” አለችኝ።

“እግዚአብሔር ወፎችን እንደሚመግብ።”

ድንጋይ ወንጭፏ ላይ አኖረች። “ከማን ማሳ?”

“እንዴ፣ አዴ...”

“የሱ ጎተራ እኔ ነኝ እንዴ?” ወነጨፈች። “ምቺ፣ ምቺ! በግራ መጡ!”

ጄሪካኔን መታሁ። ማሽላዋን ለወፍ እንደምበትን ያን ጊዜ ልነግራት ይገባኝ ነበር። ግን ያን ባዶ አገዳ እያየሁ እንዴት ብዬ?

ቅዳሜ፣ ሻሸመኔ

ለጉባኤው እህቶች ደብተሬን አነበብኩላቸው። የአባ ኮዳውን ሲሰሙ ሳቁ፤ ወደዱት። ማሽላ የምበትንበት ገጽ ላይ ስደርስ አለፍኩት። የፊት ወንበር የተቀመጡ አንዲት እናት አዩኝ።

“ገጽ ዘለልሽ፣ ልጄ።”

“ያልተጣራ ነገር አለበት፣ እማማ።”

“እንግዲያስ አጣሪዋ!”

እሑድ፣ ወደ ቤት

ስመለስ አዴ ጫልቱን የባቱ መንገድ ዳር ትንሽ ከረጢት ይዛ ቆማ አገኘኋት። ከመኪናው ወረድኩ።

“ዘንድሮ ትንሽ ናት፤ ግሪሳውን አይተሻል” ብላ ከረጢቱን ሰጠችኝ።

“አዴ፣ ገንፎ ሠርቼበት አላውቅም። የምትልኪውን ለወፎች ነው የምበትነው።”

ረዳቱ “እናቶች፣ ፍጠኑ!” ብሎ ጮኸ።

“ስንት ዓመት?”

“ስድስት።”

“እኔ እዚህ ጉሮሮዬ እስኪዘጋ እጮሃለሁ፣ አንቺ እዚያ ምሳ ታቀርቢላቸዋለሽ!”

ፊቷ ላይ ሳቅ አልነበረም። ከረጢቱን ከእጄ ወሰደች። ቀረብኝ ስል ሻሿን ፈታች፤ ሁለት እፍኝ ዘግና ቋጠረችበትና ከከረጢቱ ጋር አስያዘችኝ።

“ይቺ የነሱ። ይኼ ከረጢት ያንቺ ነው፣ አብስለሽ ብዪው። ለልጆቹም ከማን ማሳ እንደሆነ ንገሪያቸው።” መኪናው ሲንቀሳቀስ ደግሞ ከኋላዬ፣ “ሻሼን ግን መልሺ!” አለች። ያን ጊዜ ሳቀች።

አዳማ ማታ ገባሁ። ጥያቄዋ ግን አብሮኝ ገባ፤ ግሪሳው የወሰደውን እሷ አልሰጠችም፣ ሻሹ ውስጥ ያለውን ግን ወዳ ሰጥታለች። የተወሰደባትንና የሰጠችውን በአንድ ገጽ አልጽፋቸውም። በማግሥቱ የመጀመሪያውን ገንፎ አገነፋሁ፤ ጎረበጠኝ፣ ግን ጨረስኩት። ከዚያ በዘለልኩት ገጽ ግርጌ ይህን ጻፍኩ፦

እሑድ፣ ባቱ። ለአዴ ጫልቱ ነገርኳት። የጓሮዬ ወፎች ስድስት ዓመት የበሉት ከእሷ ማሳ ነው። ይህን አጣርቻለሁ።