ዳማው የዞረላቸው

ደጅይጥኑ ከጦር ሜዳ ተመልሶ ደሃና፣ ኪዳነ ምሕረት ሰበካ የደረሰው ተዝካሩ ከተበላ ሦስት ዓመት ካለፈው በኋላ ነው። በ1983 ዓ.ም. በሐምሌ ጭቃ ግራ እግሩን እየጎተተ እናቱ ደጃፍ ላይ ቢቆም፣ መጀመሪያ ያየችው ጎረቤት ሙት መጣ ብላ መንደሩን አተራመሰችው። ሰው ግልብጥ ብሎ ወጣ። ደስ ያለው ግን አልነበረም። ሰውየው ሞቷል ተብሎ የበሉለትና የጠጡለት ሁሉ ጉሮሯቸው ላይ የቆመ ይመስል አፋቸውን ይዘው አዩት። የሳቁት ቄሱ ብቻ ናቸው። ፍትሐት አንዴ ከተፈታ አይመለስምና ለሚመጣው ሞትህ ይሁንልህ አሉት።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሙ ቀረ። «የተበላው» አሉት። የተበላው መጣ፣ የተበላው ሄደ። እናቱ ወለተ ጊዮርጊስ ብቻ ደጅይጥኑ ትለዋለች፤ እሷም በቁጣ ነው የምትጠራው፤ ሌላው እንዲሰማ።

ነገሩ የተጀመረው በ1976 ነው። ደጅይጥኑና አምስት የሰበካው ልጆች ገብስ ሊሸጡ ሰቆጣ ገበያ ወረዱ፤ ደርግ ደግሞ በዚያ ቀን ወታደር ሊለቅም ገበያውን ከቦ ነበር። ገብሱ እዚያው ተደፋ፤ ስድስቱም በካሚዮን ተጫኑ። ትወዳላችሁ ወይ ብሎ የጠየቃቸው የለም። ከተማውን ደርግ ቢይዘውም ገጠሩ የታጋዮቹ ነበር፤ በኪዳነ ምሕረት ሰበካ የታጋዮቹ ሰው ደግሞ ካሤ ነው። ካሤ ረጅም፣ ደረቅ፣ ከተናገረ የማይመለስ ሰው ነው። በ1980 ስድስቱም ኤርትራ ውስጥ በአንድ ምሽግ አለቁ የሚል መርዶ ሲመጣ፣ እናቶቹ ፀጉራቸውን ነጭተው ወደ ለቅሶው ሜዳ ወጡ፤ ፈረስም ተዋሱ።

በዚያ አገር በጦርነት የሞተ ሰው ያለ ፈረስ አይለቀስም። ፈረሱ ኮርቻና ግላስ ይለብሳል፤ የሟቹ ልብስ ባዶው ኮርቻ ላይ ይታሰርና ሜዳውን ሦስት ጊዜ ይዞራል። ፈረሱን የሚስበው ሰው የሟቹን ስም ይጠራል፤ ዘመድ «ልጄን!» ወይም «ወንድሜን!» ብሎ ይመልሳል። ያልተዞረለት ሙት ቤቱ አይገባም፣ ደጅ ቆሞ ይቀራል ይላሉ። ካሤ በዚያን ቀን ጠመንጃውን አንግቶ መሀል ሜዳ ላይ ቆመ። የማን ወታደር ነው የሞተው ብሎ ጠየቀና ለጠላት ወታደር ፈረስ አይጎተትም አለ። ፈረሱን ለባለቤቱ መለሰው፤ እናቶቹም ቤታቸው ገብተው ነጠላቸውን ነክሰው አለቀሱ። ተዝካሩን ግን አልከለከለም። ጠላውን እሱም ጠጥቷል።

እና እንግዲህ ከስድስቱ አንዱ ቆሞ እየሄደ መጣ። አምስቱ በእርግጥ ሞተዋል፤ ሦስቱን በገዛ እጁ ነው የቀበራቸው። እንዴት እንደሞቱ የጠየቀው ሰው ግን አልነበረም። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል፤ መሬት ሲከፋፈል ለደርግ ወታደር ተብሎ ድንጋዩ ደረሰው፤ በማኅበር ቀን አጠገቡ የሚቀመጥ ጠፋ። እሱም ማር አልነበረም። ሰላምታ አይመልስም፤ ቀርቦ ያናገረውን በድንጋይ ያባርራል። ድንገት በር ከተጋጨ ወይም ሳንቃ ከወደቀ የትም ይሁን የት መሬት ላይ በደረቱ ይለጠፋል። ይህን ያወቁ ጎረምሶች ቡሄ በመጣ ቁጥር ተደብቀው ከጀርባው ጅራፍ ያጮሁበታል። ጅራፉ ጧ ሲል ደጅይጥኑ ጭቃው ላይ በግንባሩ ይደፋል፤ መንደሩ ይስቃል። ትልልቆቹም ይስቁ ነበር። እኔ ይህን ስጽፍ ዛሬም ያናድደኛል፤ ሰው በሰው ፍርሃት እንዴት ይስቃል?

ፈረሱ የመጣው በ1985 ነው። ቀይ ዳማ ነው፤ ከታጋዮቹ ጓዝ ጫኝ ፈረሶች የቀረ፣ የቀኝ ትከሻው ውስጥ የቦምብ ፍንጣሪ የተቀበረበት። ወንዙ ዳር ብቻውን ይዞራል። አንዱን ነከሰ፣ የሌላውን ጎድን በርግጫ ሰበረ። ካሤ በዚያን ጊዜ የቀበሌው ሊቀመንበር ሆኗል፤ ጅብ ይብላው አለና ነገሩን ዘጋ።

ደጅይጥኑ ወንዙ ዳር ሄዶ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ዳማው ጆሮውን ወደ ኋላ ለጥፎ ጥርሱን አሳየው። በማግስቱ አንድ ድንጋይ ቀረብ አለ። በሦስተኛው ቀን እፍኝ ገብስ መሬት ላይ ደፍቶ ፊቱን አዙሮ ተቀመጠ። እንዲህ እያለ አሥራ አንድ ቀን ፈጀ። በነዚህ ቀኖች ሁሉ ያወራው ነበር፤ በአማርኛ ሳይሆን አፉን በፈታበት በኻምጣንኛ። ስለ ምሽጉ አወራው፣ ማንን የት እንደቀበረ ነገረው፣ ማን ውሃ ብሎ እንደሞተ ነገረው። ለሰው ያልተናገረውን ለእንስሳ ተናገረ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ዳማው ገብሱን ከመዳፉ ላይ በላ።

ወደ በረቱ ወስዶ ቁስሉን በጨው ውሃ አጥቦ ፍንጣሪውን በጉጠት እስኪያወጣው ሦስት ወር ሄደ። ፈረሱ ደግሞ አመል ነበረው። ደጅይጥኑ ከሰው ተጣልቶ፣ ደሙ ፈልቶ ወደ በረቱ ከገባ አያስጠጋውም፤ ቂጡን ያዞርበታል። ስለዚህ ደጅይጥኑ በረቱ በር ላይ ቆሞ እስኪበርድለት መጠበቅ ግድ ሆነበት። አንዳንዴ ግማሽ ቀን ይቆማል። ቄስ ያልቻለውን፣ ሽማግሌ ያልሞከረውን ይህ አመለኛ ፈረስ አስተማረው። እንቅልፍ ተኛ። ሰው መጥላቱን አልተወም፤ ድንጋይ መወርወሩን ግን ተወ። ወለተ ጊዮርጊስ ለጎረቤት ስትናገር፣ እኔ የወለድኩትን ደርግ ወስዶታል፣ ይሄንን የወለደልኝ ፈረሱ ነው ትል ነበር።

ከዚያ 1992 ዓ.ም. መጣ። ድርቁ ከብቱን ፈጀ፤ በአካባቢው የነበሩት ፈረሶች አለቁ፤ እናትና ልጅ ከአፋቸው ቀንሰው ያበሉት ዳማው ብቻ ተረፈ። ድንበሩ ላይም ጦርነት ነበር። የቀበሌውን ወጣት ለዘመቻ የመዘገበው ካሤ ነው፤ አንደኛ ላይ የጻፈው የገዛ ልጁን የትእዛዙን ስም ነበር። ይህንን አልነፍገውም። በሰኔ የትእዛዙ መርዶ መጣ። ሃያ ዓመቱ ነበር።

ካሤ መጀመሪያ ሽማግሌ ላከ። ደጅይጥኑ በሩን ዘጋባቸው። ከሰዓት በኋላ ካሤ ራሱ መጣ፤ ጋቢውን አዘቅዝቆ ለብሶ፣ ጠመንጃውን ሳይዝ። ወለተ ጊዮርጊስ ደጃፍ ላይ ጥጥ ትፈትል ነበር፤ ልጇ አጠገቧ ቆሟል። ካሤ ለነገ ለቅሶ ፈረሱን እንዲሰጠው ጠየቀ። ደጅይጥኑ ደስ ብሎት ነበር፤ ልቡ ውስጥ ክፉ ደስታ እንደ ትኩስ አረቄ ሲወርድ ተሰማው። ይህችን ቀን ዘጠኝ ዓመት ጠብቋታል።

ወለተ ጊዮርጊስ እንዝርቷን አላቆመችም። «የማን ወታደር ነው የሞተው?» አለች።

«ልጄ ነው እማማ። ያውቁታል።»

«የኔም ልጄ ነበር። ያኔ ግን የማን ወታደር ነው ብለህ ነው የጠየቅኸኝ።»

ካሤ አንገቱን አቀረቀረ። አቋቋሙን አይቶ ሌላ ሰው ያዝንለት ይሆናል፤ እናትና ልጅ አላዘኑለትም። ደጅይጥኑ ካሤን በዕድሜ ቢያንሰውም አንተ ነበር የሚለው።

«ጥይት አይተኮስም» አለው። «ዳማው ተኩስ አይችልም፤ ሰባት ዓመት ሙሉ የደከምኩበት በአንድ ጥይት ይበላሻል። ሦስት ዙር ላንተ ልጅ እስበዋለሁ። ከዚያ አምስት ዙር ለአምስቱ።»

ካሤ ቀና አለ። ፊቱ ተለወጠ። ጓዶቹ ከሰቆጣ እንደሚመጡ፣ የታጋይ ልጅ ያለ ተኩስ ተለቅሶ እንደማያውቅ፣ የደርግ ወታደር ስም ደግሞ በዚያ ሜዳ ይጠራ ማለት እሱን ማዋረድ መሆኑን ተናገረ።

«እንግዲያውስ በአህያ ጎትት» አለው ደጅይጥኑ።

ካሤ ዞሮ ሄደ። በነጋታው ጧት አንዲት ቃል ብቻ ላከ፤ ፈረሱ ይምጣ። ስለ አምስቱ እሺም እንቢም አላለም።

ደጅይጥኑ ዳማውን ግላስ አልብሶ ሲደርስ ሜዳው ሞልቷል። ካሤ ከሰቆጣ የመጡትን ጓዶቹን ጠመንጃ አስፈትቶ ዳሱ ውስጥ አስደርድሮታል፤ እነሱም በዚህ አኩርፈው ተቀምጠዋል። የትእዛዙ ጋቢና ፎቶግራፉ ኮርቻው ላይ ታሰሩ። አንደኛውን ዙር ዞሩ፤ ስሙ ሲጠራ ካሤ «ልጄን!» አለ። ሁለተኛው፣ ሦስተኛው። ሕዝቡ ሊቀመጥ ሲል ደጅይጥኑ ልጓሙን አልለቀቀም። የትእዛዙን ጋቢ ፈትቶ ለካሤ አስረከበና የራሱን ጋቢ ከትከሻው አውርዶ ኮርቻው ላይ አሰረው። መራመድ ጀመረ።

«ሸጋው!»

ከሴቶቹ መሀል የሸጋው እኅት ብድግ አለች፤ «ወንድሜን!»

ከዳሱ በኩል ጉርምርምታ ተነሣ። ደጅይጥኑ ዞሮ መጣ። «ተስፋው!» አለ፤ አባትዬው በምርኩዛቸው ተነሥተው ተቀበሉት። «ጌታሰው!» እናቱ አሥራ ሁለት ዓመት ስትውጠው የኖረችው ጩኸት አንድ ላይ ወጣ። በዚህ ጊዜ ኪዳኑ የሚባል የቀበሌው ሚሊሺያ፣ ጠመንጃውን ከጋቢው ሥር ደብቆ ያስቀረ፣ በታጋይ ልጅ ለቅሶ የደርግ ስም አይጠራም ብሎ ተነሥቶ ወደ ሰማይ ተኮሰ።

ሰው ሁሉ ፈረሱን አየ። ዳማው ራሱን ወደ ላይ ወረወረ፤ ቆዳው ከትከሻው እስከ ጭኑ ተንቀጠቀጠ። አልሸሸም። የወደቀው ደጅይጥኑ ነው። ልጓሙ ከእጁ አመለጠ፤ እንደዚያው እንደ ቡሄው ጊዜ ጭቃው ላይ በግንባሩ ተደፍቶ ነበር። ሰባት ዓመት ፈረሱን ከተኩስ ሲጠብቅ እሱ ራሱ አለመዳኑን ዘንግቶ ነበር። በዚያ ሜዳ ላይ ጅራፍ ያጮሁበት ሁሉ ነበሩ፤ የሳቀ የለም። ዳማው እየተንቀጠቀጠ ሁለት እርምጃ ቀረበውና አፍንጫውን ማጅራቱ ላይ አሳረፈ። ከዚያ ንቅንቅ አላለም።

ካሤ ተነሣ። የኪዳኑን ጠመንጃ ቀማና ሰውየውን አስቀመጠው። ከዚያ ወደ ሜዳው ወጥቶ የዳማውን ልጓም ያዘ። የወደቀውን ሰው አላነሣም፤ እጁንም አልዘረጋለትም። ደጅይጥኑ የፈረሱን ጋማ ጨብጦ ራሱ እስኪነሣ ድረስ ልጓሙን ይዞ ጠበቀ።

«ስንት ቀረህ?» አለው።

«ሁለት።»

ልጓሙን ሰጠውና ተመልሶ ቆመ።

«ወልደ ገብርኤል!» ብሎ ዞረ፤ ሚስቱና ወንድሞቹ ተቀበሉት። የመጨረሻው ምሳው ነበር። ምሳው በምሽጉ ውስጥ የራሱን ውሃ ለደጅይጥኑ ሰጥቶ የሞተ ነው። ደጅይጥኑ ይህንን ያውቃል፤ የምሳው ወገኖች ግን በ1977ቱ ረኃብ አልቀው በሰበካው አንድ ዘመድ እንዳልተረፈው አላሰበውም። ጭቃው ከፊቱ ሳይጠረግ፣ «ምሳው!» ብሎ ጠራ። ማንም አልመለሰም። ዳማው ሩቡን ሜዳ ሄደ። ወለተ ጊዮርጊስ ነጠላዋን አጣፍታ ልትነሣ ስትል ከወንዶቹ በኩል የሻከረ ድምፅ ቀደማት።

«ልጄን!»

ካሤ ነው። ለምሳው ይሁን ለትእዛዙ የጠየቀው የለም።

ዙሩ ሲያልቅ ደጅይጥኑ ጋቢውን ፈትቶ ለበሰ፤ ፈረሱን እየሳበ ከእናቱ ጋር ወደ ቤቱ ሄደ። ካሤ እግዜር ይስጥልኝ አላለውም፤ እሱም እግዜር ያጽናህ አላለውም። ገበያ ላይ ቢገናኙ ዛሬም ፊታቸውን ያዞራሉ።

በዚያ ዓመት የቡሄ ዕለት ደጅይጥኑ ከጧት ጀምሮ በረቱ ውስጥ፣ ዳማው አጠገብ ተቀምጦ ጠበቀ። ረፈደ፤ ቀትር ሆነ። ከማዶ ሰበካ ጅራፍ ሲጮኽ በሩቁ ይሰማል፤ በኪዳነ ምሕረት ግን አንድም አልጮኸም። ወለተ ጊዮርጊስ ነገሩ ገርሟት ጎረቤት ጠይቃ መጣች። ካሤ ቤት ለቤት ዞሮ ጅራፍ ማጮህ ከልክሏል አለችው።

ደጅይጥኑ የዳማውን ትከሻ ዳበሰ።

«ድሮም መከልከል ነው የሚያውቀው» አለችና ሙልሙሉን ልታመጣለት ገባች።