የጨዋው አምፖል

አጎቴን ሰፈሩ ሁሉ «ካውያ» ይለዋል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ላውንደሪ ቤት ውስጥ የሰው ልብስ ሲተኩስ ኖሯል። አንዲት ሸሚዝ አቃጥሎ አያውቅም፤ ይህንንም ማንም ሳይጠይቀው ይናገራል። እንዲህ ያለ ጥንቁቅ ሰው ያበሸቀኝን ያህል ግን ማንም አላበሸቀኝም።

ነገሩ የመጣው በእባብ ነው። ጎን ያለውን ክፍል ተከራይቶ የነበረ ሰውዬ ቤት ሲለቅ አንድ ትንሽ ዘንዶ ከነመስታወት ሣጥኑ ጥሎ ሄደ። መጥረጊያውን እንኳ ሳይረሳ ነፍስ ያለውን ነገር ትቶ መሄድ ምን ይሉታል? አጎቴ አዘነለትና አስገባው። መርዝ የለውም፣ ነክሶም ስለማያውቅ «ጨዋው» አለው። ሚስቱ እትዬ ደግሞ የእባብ ስም ሲጠራ እግሯን ወንበር ላይ የምትሰቅል ሴት ናት። የዚያን ክፍል ደጃፍ አልረግጥም ብላ ቁርጡን ነገረችው።

በብርዱ ወራት ጨዋው ታመመ። አፉን ከፍቶ ይተነፍሳል፣ ሲተነፍስ ያፏጫል፣ አፍንጫው ላይ አረፋ ይታያል። የመጀመሪያው የእንስሳት ሐኪም ሣጥኑን ከሩቅ አይቶ እኔ የማክመው ላምና ውሻ ነው ብሎ በሩን ዘጋብን። ደሜ ፈላ። ሁለተኛዋ ግን በእጇ ይዛ መረመረችው፤ የሳንባ ኢንፌክሽን ነው አለች። በየሦስት ቀኑ የሚወጋ መርፌ አዘዘች፤ አወጋጉንም ለአጎቴ አሳየችው። ዋናው ሙቀቱ ነው፣ ከቀዘቀዘ መድኃኒቱም አይሠራለትም፣ ይሞታል ብላ አስጠነቀቀችን። አጎቴ ከሣጥኑ በላይ የሚያሞቅ አምፖል ሰቀለ።

ሁለት ቀን በተከታታይ ከሥራ ሲመለስ አምፖሉ ከሶኬት ተነቅሎ፣ ጨዋውም ቀዝቅዞ ተኮራምቶ አገኘው። ወዲያው እትዬ ላይ ዞረ። እኔ ባለሁበት፣ ፈርተሽ ልትገይው ነው አላት። እሷ አልነካሁም አለች። ከዚያ በኋላ አምፖሉ በርቶ ይቆየው ጀመር፤ እሱም «አየሽ፣ ስቆጣት ተወች» ብሎኝ አረፈው። ይባስ ብሎ እረፍት ላይ ስለነበርኩ እንድጠብቃት አዘዘኝ።

በማግሥቱ ጠዋት ኮሪደሩ ላይ ተቀመጥኩ። አጎቴ መርፌውን ወጋው፣ «ደህና ዋል» አለው፣ ከክፍሉ ሲወጣ እጁን ወደ ግድግዳው ሰደደና ሶኬቱን ነቀለው። ዞር ብሎም አላየው። አንድ ጊዜ ላውንደሪ ቤት ካውያ ሳይነቀል ተረስቶ ጠረጴዛ ተቃጥሎ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ እጁ ሳይነቅል ከክፍል አይወጣም። እጁ የሚሠራውን ራሱ አያውቀውም።

እሱ እንደወጣ እትዬ መጣች። በአንድ እጇ መጥረጊያ ይዛ፣ ዓይኗን ግማሽ ጨፍና ገብታ መልሳ ሰካችው። ለምን አትነግሪውም ብላት፣ አንቺው ነቅለሽ በእኔ ታሳብቢያለሽ ይለኛል አለች።

በነጋታው በሩ ላይ ቆሜ ጠበቅሁት። ሲነቅል እጁን ያዝኩት።

«ጋሼ፣ እጅህን እየው።»

አየው። ሽቦው በጣቶቹ መሃል ነበር።

«ታዲያ ማን ሲሰካው ነበር?»

እትዬ መጥረጊያዋን ይዛ ከኋላዬ ቆማለች። አያት። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ሰካውና ሥራ ሄደ።

ጨዋው ድኗል፤ ማፏጨቱን ትቷል። አጎቴ እሁድ ዕለት የእትዬን ቀሚሶች አንድ በአንድ ተኩሶ ሰቀለላት። እሷ ይበቃኛል ትላለች። እኔን አይበቃኝም። የከሰሳት እኔ ፊት ነው፤ ይቅርታውንም እኔ ፊት ይበላት።