ከአውቶቡሱ ያልወረደው ሹፌር

የሰፈራችን የቀብር አውቶቡስ ሹፌር ጋሼ ነው፤ በስሙ የሚጠራው የለም። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሟቾቻችንንም እኛንም ሲያመላልስ ኖሯል። መቃብሩ ዳገት ላይ ነው። እኛ እንወርዳለን፣ እሱ መሪው ጋ ይቀራል፤ ቦርሳው፣ ጃንጥላው፣ የታማሚው መድኃኒት ሁሉ እሱ ጭን ላይ ይከመራል። «ጋሼ፣ አደራ» እንለዋለን። «ጭኔ ላይ ጣሏት» ይላል፣ ቀና ሳይል።

ሰውየው ደክሞታል፤ ፊቱ ይናገራል። ማታ ቤቱ ሲገባ እናቱ ውሃ እያቀበሉት «ዛሬ ደግሞ ማንን አደረስክ?» ይሉት ነበር። ከእሳቸው ሌላ ማንም አልነበረውም።

ባለፈው ወር እሳቸውም አረፉ። ሌላ ሹፌር እንፈልግልህ ብንለው «የዚህን ጉድ ማርሽ ማን ይችለዋል? እኔው አደርሳታለሁ» ብሎ አሻፈረኝ አለ። እኛ ከኋላ እያለቀስን፣ እሱ ዓይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል ዳገቱን ወጣ።

ስንደርስ ያደረግነው እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። አንድ በአንድ ስንወርድ፣ እጃችን እንደለመደው፣ ዕቃችንን ጭኑ ላይ አስቀመጥን። እኔ ራሴ፣ የሰፈሩን ማቅ ሁሉ የምሰፋ ልብስ ሰፊ፣ «ጋሼ፣ አደራ» ብዬ ጃንጥላዬን ሰጠሁት። እሱም «ጣያት» አለኝ። ሬሳውን ይዘን ሄድን።

ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ቆፋሪው «የመጀመሪያውን አፈር ልጅ ያልብስ። ልጅ የታለ?» ሲል እርስ በርስ ተያየን። እየሮጥኩ ወደ አውቶቡሱ ተመለስኩ። ቦርሳውን ሁሉ በሁለት እጁ አቅፎ ተቀምጧል።

«ጋሼ፣ የእናትህ ቀብር እኮ ነው!»

«ዕቃው...» አለኝ።

«ዕቃው ገደል ይግባ! ና ውረድ!»

እጁን ይዤ አወረድኩት። ሰዉ መንገድ ለቀቀለት። ጉድጓዱ ጋ ሲደርስ አልጮኸም፣ አላለቀሰም። ተማሪ ቤት እንደገባ አዲስ ልጅ ዙሪያውን አየና ቀስ ብሎ «ምንድን ነው የሚደረገው? እኔ እኮ እዚህ ድረስ መጥቼ አላውቅም» አለ።

የእኔን አባት ያደረሰልኝ እሱ ነው፤ የቆፋሪውንም ሚስት እንዲሁ። ጎንበስ ብዬ አፈር ዘገንኩና መዳፉ ላይ አደረግሁለት። አፈሩን አለበሳቸውና «እማ!» ብሎ እዚያው ተዘረፈጠ። እስኪወጣለት አለቀሰ። እኛም አጠገቡ መሬቱ ላይ ቁጭ ብለን ጠበቅነው፤ የቸኮለ ሰው አልነበረም።