ውሃ የወሰደው የአጎቴ መርከብ

አጎቴ ካረፉ ወር አለፈ፤ ስለ እሳቸው ለመጻፍ ዐቅም ያገኘሁት ዛሬ ነው።

አቃቂ ባቡር ጣቢያ የፉርጎ አናጢ ነበሩ። አንድ ጊዜ ለሥራ ጅቡቲ ወርደው የጥንት የጦር መርከብ ሥዕል ያለበት ፖስትካርድ ገዝተው መጡ። ከዚያ ወዲያ ከሥራ በተመለሱ ቁጥር፣ ከጥገና በተረፈ ጣውላ ያንን መርከብ ትንሽ አድርገው ይሠሩ ጀመር። መድፎቹን አንድ በአንድ በሞረድ ያለሰልሳሉ። ለገመዶቹ የሚሆነውን ክር እኔ ከምሠራበት ፋብሪካ፣ ከትራፊው አመጣላቸው ነበር። «መቼ ነው የሚያልቀው?» ስላቸው «ምን አስቸኮለሽ?» ይሉኛል።

ስምንት ዓመት ለፍተውበት ሸራው ብቻ ሲቀር፣ አንድ ክረምት የአቃቂ ወንዝ ሞልቶ ቤታችን ገባ። መርከቡ በሩ አጠገብ ጠረጴዛ ላይ ነበር። አጎቴ ግን መራመድ ያቃታቸውን ባለቤታቸውን፣ እትዬን፣ አዝለው በአጠገቡ አለፉ። ስንመለስ ጭቃ ውስጥ ያገኘነው አንድ የሸራ ምሰሶ ብቻ ነው። ሳለቅስ ቢያዩኝ «መርከብ አይደል? ውሃ ቢወስደው ምን ይገርማል» አሉኝ። ድምፃቸው ግን የዛለ ነበር። በሳምንቱ እንደገና ጀመሩ።

ሁለተኛውን ሳይጨርሱ ታመሙ፤ ሦስት ወር አስታመምኳቸው። ለቀስተኛው ሲበተን ያላለቀው መርከብ ያለበትን ጠረጴዛ ከወንበራቸው ፊት ላነሣ ስል እትዬ እጄን ያዙኝ።

«ተዪው ልጄ» አሉ። «ያን ቀን እኔን ባያዝሉ ኖሮ ያልቅላቸው ነበር። አንድ ቀን እንኳ አላነሡብኝም።»

ጠረጴዛውን ባለበት ተውኩት። ባዶው ወንበር ላይ መቀመጥ ስላልደፈርኩ፣ መሬት ላይ ከእትዬ እግር ሥር ተቀመጥኩ።