የእናቴ አፍንጫ

ቡታጅራ የመጠጥ ሕክምናዬን ጨርሼ ወልቂጤ የገባሁ ቀን እናቴ ጉንጬን ደጋግማ ሳመችኝ። ናፍቆት መስሎኝ ነበር። በማግስቱ ከገበያ ስትመለስም እንዲሁ ስታደርገኝ ነቃሁባት፤ ለካ አፌን እያሸተተች ነው። አልፈርድባትም፣ ሐኪሙ ራሱ «ዓይናችሁን ከእሱ ላይ እንዳትነቅሉ» ብሎ ነው የሸኘን። ግን ያናድዳል። ሽንት ቤት ትንሽ ከቆየሁ ይንኳኳል፤ ሳቅ ካበዛሁ እርስ በርስ ይተያያሉ።

ሥራ ስላልነበረኝ እኔም መጠርጠር ጀመርኩ። የጠረጠርኩት ታናሽ እህቴን ነው።

ማዕድ ላይ እንደ እሷ ደግ የለም። ቆጮውን በጎመን ጠቅልላ እናቴን ታጎርሳለች፣ እኔን ታጎርሳለች፣ እንግዳ ካለ ደግሞ ሁለቴ። ሁሉም «እጅሽ ይባረክ» ይላታል። ወደ ራሷ አፍ የሚሄደውን ግን የሚያይ የለም። ቀሚሷ ትከሻዋ ላይ ሲንጠለጠል «ጾም ጸሎት ይዛ ነው» ይባላል። ጤና ጣቢያ ብትሄድም የጨጓራ ክኒን ሰጥተው መለሷት። እኔ መደበቅን አውቃለሁ፤ ስንት ዓመት የኖርኩበት ሙያ ነው። በየቀኑ ከምሳ በኋላ «ኮባውን ልጣል» እያለች የበላንበትን የእንሰት ቅጠል ይዛ ወደ ጓሮ መሮጧ አላማረኝም።

አንድ ቅዳሜ እሷ ስትመለስ እኔ ወጣሁ። ድሮ አረቄዬን የምደብቅበት እንሰት ሥር በኮባ የተጠቀለሉ ነገሮች አገኘሁ። ከላይ የዛሬው ቆጮና ጎመን፣ ከሥር የሰሞኑ፣ ሻግቶ። የራሴ ጠርሙስ እንዲህ አስፈርቶኝ አያውቅም።

የዛሬውን ጥቅል ይዤ ዞር ስል እናቴ ቆማለች። ያንን ጥግ በደንብ ታውቀዋለች፤ ጠርሙሶቼን ከዚያ እያወጣች የሰበረችው እሷ ናት።

«እዚህ ምን ታደርጋለህ?»

«እማዬ፣ እህቴ እኮ...»

«አፍህን ክፈት!»

ከፈትኩ። ተጠግታ አሸተተች።

«አልጠጣሁም። አሁን እጄን እዪ» አልኳት።

ጥቅሉን የያዘውን እጄን ትኩር ብላ አየችው። ፊቷ በራ።

«አይንቀጠቀጥም» አለች፣ እንባዋ እየመጣ። «ጌታ ይመስገን፣ ልጄ ድኖልኛል!»

ከኋላዋ እህቴ በሩን ተደግፋ ቆማለች። «እባክህ» በሚል ዓይን እያየችኝ ራሷን ነቀነቀች። አሳዘነችኝ። ቢሆንም ኮባውን ፈትቼ እናቴ አፍንጫ ሥር ዘረጋሁት።

«ይኸንንም አሽቺው» አልኳት።